ትራሱን ያራሰው ውሃ

አማቴ ሲሞቱ አላለቀስኩም። ይሄን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ጉድ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ከእድሩ ወንበር ያስጫንኩት፣ ቀብሩ እዚሁ ጉለሌ ቢሆንም ለሽማግሌዎቹ መኪና የለመንኩት፣ ለቀስተኛውን ቦታ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እንባ ብቻ አልመጣልኝም። ሚስቴና እህቶቿ ድምፃቸው እስኪዘጋ ሲያለቅሱ፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የድንኳኑ ገመድ ላልቶ ይሆን እንዴ እያልኩ አስብ ነበር።

የሚስቴ ታላቅ እህት አየችኝ። እሷ ደግሞ ያየችውን ውጣ የምታልፍ ሰው አይደለችም። የሻይ ትሪ ይዤ በጎኗ ሳልፍ አጠገቧ ለተቀመጡት ሴቶች፣ «ድንጋይ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ? ስንት ዘመን አብሯት ኖሮ አንዲት ዘለላ እንባ?» አለች። ሚስቴም ሰማች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ነገር እንድል የጠበቀች መሰለኝ። እኔ ትሪውን ይዤ ወጣሁ።

ለምን እንዳላለቀስኩ ግን አውቀው ነበር። ቂም ይዤባቸው ነው።

ቤታችን ከቀጨኔ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። አማቴ አብረውን ሊኖሩ ሲመጡ መኝታ ቤቱን በችፑድ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሰጠኋቸው። ችፑድ ደግሞ ግድግዳ ነው አይባልም፤ በወዲያ በኩል ሰው ሲያዛጋ በወዲህ በኩል ይሰማል። እኔ አንኮራፋለሁ። አንኮራፋለሁ ስል እንደ ማንም ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቴ ደስ ያላት ቀን «የጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር» ነበር የምትለኝ። አማቴ ታዲያ ምርኩዛቸውን ከአልጋቸው አጠገብ ያስደግፉና፣ ሌሊት እንቅልፍ ጥሎኝ ሳለ ችፑዱን ኳ ኳ ያደርጉታል። ብንን እላለሁ፤ ልቤ ይደልቃል፣ አፌ ደርቋል። እነጫነጭና ጀርባዬን ወደ ችፑዱ አዙሬ እተኛለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኳ ኳ።

ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ እማማ» እላለሁ። በሆዴ ግን፣ በገዛ ቤቴ እንደ ደባል ያንኳኩብኛል እንዴ እያልኩ እበሽቃለሁ። ሚስቴን «እናትሽ እኮ አላስተኛ አሉኝ» ስላት፣ «ተዋት፤ አንተም ዝም ብለህ ተኛ» ትለኛለች፤ ሌላ አትጨምርም። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት ሄዱ። ክፉ ቃል አልወጣኝም፣ ይሄን ጌታ ያውቃል። ሆዴ ውስጥ ግን ያቺ ምርኩዝ ተቀምጣ ነበር። ሲሞቱ ለማስመሰል እንኳ ማልቀስ አቃተኝ።

ከቀብር መልስ ሚስቴ ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። «ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የእናቴ ሽታ ከአልጋው ሳይጠፋ ልተኛበት» አለች። እሺ አልኩ። ጥቂት ጊዜ የተባለው አለፈ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ስጠይቃት ትመልስልኛለች፣ ነገር ግን ሁሉንም እንግዳ እንደምታስተናግድ አድርጋ ነው። በራስ ትዳር ውስጥ እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እንድትመለስ ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ግን «ተመለሽ» ብሎ መለመን አፌን ያዘኝ፤ ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀው ነበርና።

የሚያንኳኳብኝ ሰው ስለሌለ እንግዲህ ጥሩ እተኛለሁ ብዬ ነበር። ባሰብኝ እንጂ። አዲሱ ገበያ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ቀን ቀን ስፌቱ ላይ ማንቀላፋት ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነቅቼ እጄን ሳነሳ ጨርቁ አብሮኝ ተነሳ። የሸሚዜን እጅጌ ከሙሽራ መጋረጃ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ባለ መጋረጃዋ ፊት ለፊቴ ቆማ ታየኛለች። «እ... ማለቴ፣ ጨርቁ መጠንከሩን እያየሁ ነው» አልኳት። እጅጌዬን በመቀስ ቆርጬ ስላቀቅ እሷ ወደ ውጭ ዞራ ቆመች፤ ሳቋን እየዋጠች መሆኑን ከትከሻዋ አወቅሁ።

ያን ጊዜ ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት። ሐኪሟ መርምራኝ፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አስራብኝ፣ ውጤቱን እያየች «በእንቅልፍዎ ትንፋሽዎ ይቆማል፤ ቤት ውስጥ የነገረዎት ሰው የለም?» አለችኝ። «ማንም አልነገረኝም» አልኩ። ማታ ለሚስቴ ይሄንኑ ስነግራት በእጇ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና ችፑዱን አየች። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ወጣች።

የታዘዘልኝ ማሽን ትንሽ ሳጥን ነገር ናት። በአንድ በኩል ውሃ ይደረግባታል፤ አየሩን ሞቅና ረጠብ አድርጋ በረጅም ቱቦ በኩል ፊት ላይ ወደሚታሰረው ማስክ ትነፋለች። አየሩ ጉሮሮን ከፍቶ ይይዘዋል፤ ትንፋሽ አይቆምም፣ ማንኮራፋትም የለም። ይሄ እንግዲህ ደጉ ነገሯ ነው። ክፉው ደግሞ፣ ማስኩን አድርጌ መስታወት ፊት ስቆም ያየሁት ሰው ነው። በዚህ ሰፈር ፊቱ ላይ ማስክና ቱቦ ያለው ሰው ከታየ «ኦክስጅን ላይ ነው» ይባላል። «ኦክስጅን ላይ ነው» ከተባለ ደግሞ በማግስቱ እድርተኛው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ መጋረጃ ለማሰፋት የሚመጣልኝ አይኖርም። ስለዚህ ማሽኗን ቁምሳጥን አናት ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ጀርባ ሸሸግኋት፤ ሚስቴም መታዘዟን ነው እንጂ የምታውቀው፣ አድርጌያት አይታኝ አታውቅም። ማታ ቱቦውን ወደ አልጋው ቁልቁል እለቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠቅልዬ መልሼ እደብቀዋለሁ።

ሌላም ብልጠት ሠርቻለሁ። ቱቦው ውስጥ ለውስጥ የሚያሞቀው ሽቦ አለው። ይሄን ስሰማ ደነገጥኩ። ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ቱቦ ውስጥ፣ ጫፉ ደግሞ አፍንጫዬ ላይ? የእኛ ቤት መብራት ሲመጣ አምፖል እያፈነዳ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ማሞቂያውን አጠፋሁትና በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ ጉንጬ፣ አንገቴ፣ ትራሱ፣ ሁሉም ርሷል። ማስኩ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። ለሀጬ ነው ብዬ አመንኩ። ምን ልበል፤ ጎልማሳ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ካባ የሚሰፋ ሰው፣ እንደ ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን አዝረከረክኩ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ በሚቀጥለውም። ሌሊት ደግሞ ቱቦው በተነፈስኩ ቁጥር ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። በጎኔ ብተኛ፣ አፌን በሻርፕ ባስር፣ ማታ ማታ ውሃ መጠጣት ብተው ለውጥ የለም። ቱቦው ላይ የአሮጌ ካልሲ እግር አጠለቅሁበት፤ እሱም ረጠበ። የትራስ ልብሱን ማንም ሳያይ ራሴ አጥቤ፣ ከሸሚዞቼ ስር ደርቤ ገመድ ላይ አሰጣ ጀመር።

ሚስት ያለው ሰው የትራስ ልብስ በድብቅ ማጠብ እንደማይችል ማወቅ ነበረብኝ። አንድ ጠዋት ቱቦውን ሸሽጌ ጨርሼ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማዬን ሳስር ገባች። ትራሱን አነሳችና በእጇ ዳሰሰችው። ሌላውን ጎኑንም ዳሰሰች። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። አሁን «ለሀጭህን ማን ይጠርግልህ» ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ትራሱን ደረቷ ላይ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እሰማሃለሁ እኮ» አለችኝ። «በችፑዱ ይሰማኛል። አፍነህ ስታለቅስ። ስትንሰቀሰቅ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«በሰው ፊት አልሆንልህ ብሎ ነው፤ አሁን ገባኝ። እኔም እኮ ቀን አይደለም የሚመጣብኝ። አታፍር፤ ለእናቴ ነው ያለቀስከው፣ ለማንም አይደለም።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብናገር ልናገር የነበረው «ለሀጭ ነው» ነው። እስኪ አስቡት። ከስንት ጊዜ በኋላ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እጇ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እኔ ደግሞ «አይ፣ ለሀጭ ነው» ልበል? አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት መዋሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግንባሬን ሳመችኝና ትራሱን ልታጥበው ይዛው ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ምሳዬን ቋጥራ አዲሱ ገበያ ድረስ ይዛልኝ ትመጣለች። ስትስቅ ሰማኋት፤ ያውም በእኔ ቀልድ። ለእህቶቿም ነግራቸዋለች ለካ፤ ታናሿ ሱቄ ድረስ መጥታ ገበያተኛ መሃል አቅፋ ሳመችኝ፣ «ወንድሜ፣ እርምህን አውጣ፤ ብቻህን አትታመም» አለችኝ። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ሚስቴ ደግሞ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ ቅዳሜ እህቶቿ ለጸሎት ተሰብስበው የእናታቸውን ልብስ ለዘመድና ለችግረኛ ያከፋፍላሉ፣ ክፍሉም ይጸዳል፣ «ከዚያ በኋላ ወደ ክፍላችን እመለሳለሁ» አለችኝ። ጉርሻ አጎረሰችኝ።

ከቅዳሜ በፊት ግን የቱቦው ነገር መላ ካልተበጀለት ጉድ ሊፈላ ነው። ከጎኔ ተኝታ ያንን ቡልቅታ ስትሰማ፣ ውሃው ፊቴ ላይ ሲፈስ ስታይስ? ማሽኑን የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ስለነበር እስኪወጣ ጠብቄ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ስተኛ አፌ ውሃ ያበዛል» አልኩት።

«ማሽኗን የት ነው የምታስቀምጣት?»

«ቁምሳጥን ላይ።»

«ማሞቂያውስ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

ሰውዬው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «ታዲያ በገዛ እጅህ ዝናብ አዝንበህ ነው የምትተኛው» አለኝ። የክረምት ታክሲ መስታወት ሲያልበው አይተህ የለ አለኝ። ከማሽኗ የሚወጣው ሞቃት እርጥብ አየር በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ እንደዚያው ያልበዋል፤ የእኛ ሰፈር ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ውሃው ሲጠራቀም ወደ ታች ይፈሳል፤ ታች ያለው ደግሞ የእኔ ፊት ነው። ማሞቂያውን ክፈት፣ አያቃጥልህም፤ ማሽኗን ከአልጋው ዝቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ ውሃ ቢኖር እንኳ ወደ እሷ ይመለስ፤ ቱቦውን ጨርቅ አልብሰው፤ ቀን ቀን አራግፈህ ስቀለው አለኝ። «ለሀጭ አይደለም፤ ንጹህ ውሃ ነው።»

ደስ አለኝ። ለሀጫም አለመሆኔን ሳውቅ ደረቴን ነፍቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ነው ሌላው የመጣልኝ። ለሀጭ ካልሆነ ውሃ ነው፤ ውሃ ከሆነ ደግሞ እንባ አይደለም። ይሄን እኮ ድሮም አውቀው ነበር፤ ግን እስካሁን፣ እኔ ለሀጭ እሷ እንባ ብለን፣ ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። አሁን የተሳሳተችው እሷ ብቻ ናት።

ቢሆንም ቱቦውን አለበስኩት። ከብርድ ልብስ ቁራጭ እንደ እባብ የረዘመ እጅጌ ሰፋሁለት፤ ጫማ ሻጩ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «የሶፋ ጌጥ» አልኩት። ማሽኗን ከቁምሳጥኑ አውርጄ አልጋው ስር በርጩማ ላይ አደረግኋት። ማሞቂያውን በስመ አብ ብዬ፣ እኛ ጴንጤዎቹ ባንልም፣ ከፈትኩት። አልነዘረኝም። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። ቱቦው ድምፅ የለው፣ ማስኩ ደረቅ፣ ትራሱ ደረቅ።

ጠዋት ደረቁን ትራስ ሳይ ግን ደስታዬ ጠፋ። የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ እንደ ወትሮው ትራሱን ልታይ እየመጣች ነው። ደረቅ ብታገኘው ምን ትላለች? ለቅሶውን ጨረሰ ትላለች? ወይስ ከመጀመሪያውም ትጠረጥራለች? ራስጌዬ ላይ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ትራሱ ላይ አፈሰስኩ፤ በመዳፌም አዳረስኩት። እጄን በፒጃማዬ ጠርጌ ሳበቃ በሩ ተከፈተ።

ዳሰሰችው። ከሌላው ቀን የባሰ መርጠቡ ነው መሰለኝ ደግማ አገላብጣ ዳሰሰችው። «አይዞህ» አለችኝና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠግታ እሷ አለቀሰች። የእሷ እንባ ትኩስ ነበር፤ አንገቴ ላይ ወረደ። የጠርሙሱ ክዳን አሁንም መዳፌ ውስጥ ነበር፣ ጨብጬዋለሁ። በሕይወቴ ያን ጊዜ ያህል አፍሬ አላውቅም። በድንኳኑ ውስጥ አላፈርኩም፣ በሙሽራዋ መጋረጃ ፊት ያፈርኩት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ እህቶቿ መጡ። ጸለይን፣ ዘመርን፣ ልብሱ ተከፋፈለ፤ ለአንዷ ነጠላው፣ ለሌላዋ ሹራቡ፣ የቀረው ለችግረኛ ተጠቀለለ። እኔ ወንበር ለማምጣት ስነሳ ታላቅየዋ «አንተ ተቀመጥ» አለችኝ። ከዚያ በሁሉም ፊት ተነሳች። «በእናቴ ለቅሶ ላይ ይሄን ሰው ድንጋይ ብዬዋለሁ። እሱ ለካ እኛ ከበላንና ከተኛን በኋላ ነው የሚያለቅስላት። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለች። እሷ በሕይወቷ ስንት ሰው ይቅርታ እንደጠየቀች እንጃ፤ ቀላል እንዳልሆነላት ከድምጿ ያስታውቅ ነበር። «ኧረ እትዬ፣ ተይ እባክሽ» አልኳት። እነሱ ትሕትና መሰላቸው። እሷም ጥግ ላይ የቆመውን ምርኩዝ አነሳችና «ይሄ ለአንተ ነው የሚገባው» ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ያችን ምርኩዝ ስንት ሌሊት እሳት ውስጥ በከተትኩሽ እያልኩ ያደርኩባት ነኝ። ተቀበልኩ። እጀታዋ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል።

ሲመሽና ሲሄዱ ሚስቴ ብርድ ልብሷን ታቅፋ ከእናቷ ክፍል ወጣች፤ ወደ ክፍላችን በር ስትደርስ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ምርኩዙን ይዤ። ዝም ብል ትገባ ነበር። ይሄን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ዝም ብል ትገባ ነበር።

«ቆይ» አልኳት። «እንባ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ትራሱ ላይ ያለው። የማሽኑ ውሃ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ይጠራቀምና ፊቴ ላይ ይፈሳል። የምትሰሚው ድምፅም እሱ ነው። መጀመሪያ ለሀጭ መስሎኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ኋላ ደግሞ...» ኋላውን መጨረስ አቃተኝ።

«ትናንትና ጠዋት እንደዚያ የራሰውስ?»

«ትናንት እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። ከጠርሙስ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ይሄን ለእትዬ መልሺላት፤ ለእኔ አይገባም» ብዬ ምርኩዙን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ተመለከተችው።

«ይሄ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ሳንኮራፋ ሲረብሻቸው...»

«ስታንኮራፋ አንድ ቀን አንኳኩታብህ አታውቅም» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ስታንኮራፋማ እሷም ደህና ትተኛ ነበር። የምትነቃው ዝም ስትል ነው። ትንፋሽህ ይቆማል፤ እሷ ኳ ኳ ስታደርግ ይመለሳል። እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው፣ አልሰማም። ያን ሁሉ ዓመት አንተን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ ትንፋሹ እንደሚቆም ካወቀ መተኛት ይፈራል ብላ።»

የዘረጋሁላትን ምርኩዝ ወደ ራሴ መለስኩት።

«ሐኪሟ የነገረችህ ቀን ልነግርህ ነበር። ከዚያ ላላለቀሰላት ሰው ለምን ብዬ ተውኩት። ኋላ ስታለቅስ የሰማሁ ሲመስለኝ ደግሞ፣ ራሱ ገብቶታል፣ ለዚህ ነው እንዲህ የሚሆነው አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።»

ይሄን ብላ ምርኩዙን ከእጄ ወሰደች። ብርድ ልብሷን ታቅፋ ተመልሳ ወደ እናቷ ክፍል ገባች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በማግስቱ እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ አብረን ተመለስን፤ መንገድ ላይ ያወራነው ስለ ጭቃው ነው። ምሳ ከበላን በኋላ እሷ ወደዚያኛው ክፍል ገባች፣ እኔ ወደዚህኛው። ሐኪሟ ቀንም ቢተኙ ማስኩን እንዳይተዉ ብላኛለች፤ አሰርኩትና ጋደም አልኩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ቱቦው ብርድ ልብሱን ለብሶ ሞቅ ብሏል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ማሽኗም ድምፅ የላትም። እኔም አላንኮራፋም። ቤቱ ጭር አለ።

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ችፑዱ ተንኳኳ። ኳ ኳ።

በደመ ነፍስ ጀርባዬን ላዞር ነበር። ከዚያ ገባኝ። አሁን እኔ ስተኛ ምንም አይሰማም፤ እሷ በወዲያ በኩል፣ በእናቷ አልጋ ላይ፣ ዝምታውን ስታዳምጥ ነው የቆየችው። ማስኩን ከአፌ አነሳሁ።

«አለሁ» አልኩ።

«እሺ፣ ተኛ» አለችኝ በችፑዱ ማዶ።

ማስኩን መልሼ አሰርኩ። ለእናቷ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም።